ከማሻሻያው በኋላ የደመና ፎልደሬ ተመለሰ፤ የሦስት ሳምንት ሥራዬ ግን የለበትም

ብራና
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የመጻሕፍት አርትዖት ነው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው መጻፍና ማስቀመጥ ብቻ ስለሆነ በትዕግሥት አንብቡልኝ።

የምጠቀመው ዊንዶውስ 11 ነው። ፋይሎቼ በሙሉ በደመና ማከማቻ ውስጥ ናቸው። የአገልግሎቱን ስም አልጠራም፤ ባለፈው ጊዜ እዚሁ ስም ተጠርቶ ሃምሳው መልስ ጠብ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ትናንት ማታ ትልቁን ማሻሻያ እንዲጭን ፈቅጄ ተኛሁ። ዛሬ ጠዋት ዴስክቶፑ ላይ «ሥራ» የሚለውን ፎልደር ስከፍት ቦታው አይገኝም አለኝ። ልቤ ዱብ አለ። የማመሳሰያውን ፕሮግራም፣ የኮምፒውተሬንና የደመናውን ፋይሎች አንድ የሚያደርገውን፣ ከፈትኩ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ አስገባሁ። ፎልደሩን ስላላገኘው አዲስ ይፍጠር እንደሆነ ሲጠይቀኝ እሺ አልኩት። ወዲያው የፋይሎቼ ስም እንደ ዝናብ ይወርድ ጀመር። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ምዕራፍ ዘጠኝን ከፈትኩ። መጽሐፉ 14 ምዕራፍ አለው፤ በዘጠነኛው ላይ ከደራሲው ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተከራክረናል። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ጊዜ «በመሆኑም» ብሎ ነበርና ሦስቱንም አውጥቼ ነበር። አሁን ሦስቱም ተመልሰው ተሰልፈው ቆመዋል። ወደ ታች ባወርደው ያረምኩት ሁሉ እንዳልታረመ ሆኗል። አሥረኛውም አሥራ አንደኛውም እንዲሁ ናቸው።

በዚህ ላይ የሲ ዲስክ ቦታ እያለቀ ነው፤ መስመሩ ቀይ ሆኗል። መጽሐፉን የማስረክበው ዓርብ ነው። ማሻሻያው ሥራዬን በልቶት ይሆን? እህታችሁ ተጨንቃለች።


ቶሎ መልስ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡31

የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮግራሙን አራግፊ፣ ፎልደሩን ሰርዢ፣ እንደገና ጫኚው። ሁሉም ነገር ደመናው ላይ ስላለ ተመልሶ ይወርዳል። ሌላ ዲስክ ካለሽም ቦታ እንዲገኝ አጽጂው። እኔ ከእያንዳንዱ ትልቅ ማሻሻያ በኋላ እንዲህ ነው የማደርገው።


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ጠዋት 2፡38

እህቴ ብራና፣ ከላይ የተባለውን እባክሽ አታድርጊ። እስካሁን ካላደረግሽው እጅሽን ሰብስቢና ይህን አንብቢ።

ሥራሽ ደመናው ላይ እንዳለ ገና አላወቅንም። እንዲያውም ያየሽው ነገር የሚጠቁመው ተቃራኒውን ነው፤ ከደመናው የወረደው ምዕራፍ ዘጠኝ አሮጌው ነውና። አዲሱ የትም ካለ ያለው እዚያው ኮምፒውተርሽ ውስጥ ነው። እሱን «አጽድቶ» እንደገና መጫን ማለት ብቸኛውን ቅጂ መጣል ማለት ነው።

ማመሳሰያ ፕሮግራም ታዛዥ አገልጋይ ነው፤ የሚያስብ ግን እንዳይመስልሽ። አንድ ቦታ የተሰረዘውን ሌላውም ቦታ ይሰርዛል፤ ተሳስተሽ ይሁን አስበሽበት አይጠይቅሽም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማስቆም ነው። ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ምልክቱ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገሽ «ውጣ» በይው። ማራገፍ አይደለም፣ መለያሽን ማላቀቅም አይደለም፤ መዝጋት ብቻ። ከዚያ ከስልክሽ ወደ አገልግሎቱ ድረ ገጽ ግቢና ምዕራፍ ዘጠኝ ለመጨረሻ ጊዜ የተለወጠበትን ቀን ንገሪን።

አንድ ነገር ያረጋጋሽ፦ ደመናው ላይ የተሰረዘ ነገር ቢኖር እንኳ ወዲያው አይጠፋም። ጉግል ድራይቭ፣ የግል ዋንድራይቭና የድሮፕቦክስ ነጻ መለያ የተሰረዘን ፋይል ለ30 ቀን ያቆያሉ። ስለዚህ የምንጣደፍበት ምክንያት የለም።


ብራና
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡02

ዘጋሁት። ይኸው የባሰ መጣ! አሁን ምንም ነገር አይከፈትም። ምዕራፍ ሦስትን ስነካው የደመና ፋይል አቅራቢው እየሠራ አይደለም የሚል መልእክት ያወጣል፤ መጨረሻው «16ኤ» የሆነ ረጅም ቁጥርም አለው። ምዕራፍ ዘጠኝ፣ አሥርና አሥራ አንድ ብቻ ይከፈታሉ፤ ዘጠኙም ያው ከሦስቱ «በመሆኑም» ጋር።


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡10

ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አትደንግጪ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የምታያቸው ፋይሎች አብዛኞቹ ፋይል አይደሉም፤ የስም ሰሌዳ ናቸው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ዊንዶውስ 10 እትም 1709 ከወጣ ወዲህ፣ ስርዓቱ ራሱ ይህን አሠራር ይደግፋል። ዲስክሽ ላይ የሚቀመጠው ስሙ፣ መጠኑና ቀኑ ነው፤ ይዘቱ ደመናው ላይ ይቀራል። ፋይሉን ስትከፍቺ ዊንዶውስ የማመሳሰያውን ፕሮግራም «ይዘቱን አምጣ» ይለዋል። ፕሮግራሙ ከተዘጋ የሚያመጣ የለም፤ ያየሽው መልእክት ያንን ነው የሚናገረው። ብዙ ሰው ከማሻሻያ በኋላ ይህን መልእክት አይቶ ፋይሎቼ ተበላሹ ይላል። ብዙውን ጊዜ የሆነው ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ አለመነሣቱ ብቻ ነው፤ ሲከፈት ሁሉም ይስተካከላል። አንቺ ጋር ግን ለጊዜው ተዘግቶ ይቆይ።

በዓይንሽ እንድታዪው፦ በምዕራፍ ሦስት ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊና ባሕርያቱን ክፈቺ። «መጠን» እና «በዲስክ ላይ ያለው መጠን» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ሁለቱን ጻፊልኝ።


ብራና
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡25

ምዕራፍ ሦስት፦ መጠን 388 ኪሎባይት፣ በዲስክ ላይ 0 ባይት። ዜሮ!
ምዕራፍ ዘጠኝ፦ 412 ኪሎባይት፣ በዲስክ ላይ 416።

ገባኝ። ዘጠነኛውን ከፍቼው ስለነበር ወርዷል፤ ሦስተኛው ስሙ ብቻ ነው ያለው።

ከስልኬም ገባሁ። ድረ ገጹ ላይ ምዕራፍ ዘጠኝ የተለወጠው ከ22 ቀን በፊት ነው ይላል። ሌሎቹም እንደዚያው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የተለወጠ አንድም ፋይል የለም። እኔ ግን በየቀኑ ስሠራ ነበር!

ቆይ። ከ22 ቀን በፊት የይለፍ ቃሌን ቀይሬያለሁ። የማላውቀው ሰው ለመግባት ሞከረ የሚል ደብዳቤ ደርሶኝ ነበርና በስልኬ ቀየርኩት። ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና መግባቴን አላስታውስም።


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡33

ምሥጢሩ ያ ነው። ማመሳሰሉ የቆመው ትናንት ሳይሆን ከ22 ቀን በፊት ነው። ፕሮግራሙ «እንደገና ግቢ» እያለ ሲለምንሽ ኖሯል፤ ምልክቱ ግን ከሰዓቱ አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀስት ጀርባ ተደብቆ ይሆናል። አንቺ የምትጽፊው ዲስክሽ ላይ እየተቀመጠ ደመናው ባለበት ቆሟል። ማሻሻያው ነገሩን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም።

የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ የድሮው «ሥራ» ፎልደር ምን ነካው?


አሮጌ ኬብል
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡05

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የድሮው ፎልደር መጀመሪያውኑ ሲ ላይ ነበር? ወይስ አንድ ሰው ቦታ ለማትረፍ ወደ ሌላ ዲስክ አዛውሮት ነበር?

የምጠይቅሽ ያለ ምክንያት አይደለም። ማሻሻያና ከቦታው የተዛወረ ፎልደር የቆየ ቂም አላቸው። የዊንዶውስ 10 እትም 1809 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2018 ወጥቶ ማይክሮሶፍት ከጥቂት ቀናት በኋላ ስርጭቱን አቆመው፤ የአንዳንድ ሰዎችን ሰነዶች ሰርዞ ነበርና። የተጎዱት «ሰነዶች» የሚባለውን ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አዛውረው የተወሰኑ ፋይሎችን ግን በድሮው ቦታ የተዉ ሰዎች ነበሩ። ማሻሻያው አሮጌውን ፎልደር ትርፍ ነው ብሎ ከነይዘቱ ጠረገው። ኩባንያው ችግሩን ያመለከተው ከጫኑት አሥር ሺህ ሰዎች አንዱ ያህል ነው ብሏል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከእነዚያ አንዱ ለሆነ ሰው ግን መቶ በመቶ ነበር። ተስተካክሎ እንደገና የወጣው በኅዳር 13 ነው፣ ያም በፈረንጆቹ።

አንቺ ጋር ያ ሆኗል ማለቴ አይደለም። መልስሽን እጠብቃለሁ።


ብራና
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡20

ጋሼ፣ ልክ ነዎት! ከሁለት ዓመት በፊት የእህቴ ልጅ ሲ ጠባብ ነው ብሎ ወደ ሁለተኛው ዲስክ፣ ወደ ዲ፣ አዛውሮልኛል። ሲ ላይ የሚታየው «ምስሉ» ነው፣ እውነተኛው እዚያ ነው ብሎኝ ነበር። አሁን ዲን ስከፍተው ግን ዲስክ አስገቢ ይለኛል። በፊት የማላውቀው ኢ የሚባል ደግሞ አለ።


አሮጌ ኬብል
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡27

በይ ኢን ክፈቺው።


ብራና
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡31

አለ!!! ሁሉም አለ! ምዕራፍ ዘጠኝ ከትናንት በስቲያ ከምሽቱ 5 ሰዓት የተቀመጠ። ከፈትኩት። አንድም «በመሆኑም» የለበትም። አለቀስኩ። ከልቤ ነው የምላችሁ፣ አለቀስኩ።


አሮጌ ኬብል
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡44

እንኳን ደስ አለሽ። አሁንም ግን ምንም አትንኪ፤ አደገኛው ሰዓት ሰው ደስ ሲለው ነው።

የሆነውን ላስረዳ። ልጁ ሲ ላይ የሠራው ማመላከቻ ፎልደር ነው። ፎልደር ይመስላል፤ ውስጡ ያለው ግን አድራሻ ነው፦ «ወደ ዲ፣ ሥራ ወደሚለው ሂድ» የሚል። አድራሻው የተጻፈው በዲስኩ ፊደል ነው። ከማሻሻያው በኋላ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ለዲስኮቹ ፊደል እንደገና ሲያድል፣ ዲ የሚለውን ፊደል ባዶው የሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ወሰደው። ያንቺ ዲስክ ኢ ተባለ። ማመላከቻው አሁንም ዲን እያሳየ ነው፤ እዚያ ግን ማንም የለም። ፕሮግራሙም መጣ፣ ፎልደሩን አጣ፣ አዲስ ልሥራ አለ፣ አንቺም እሺ አልሽው።

የእህትሽን ልጅ አትቆጪው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ መንገዱ ነው የተሳሳተው። ቦታ ለመለወጥ ማመላከቻ ማበጀት አያስፈልግም። ፕሮግራሙን ስታገናኚው የፎልደሩን ቦታ ራሱ ይጠይቅሻል፤ ያኔ ሁለተኛውን ዲስክ መምረጥ ነው።


ቶሎ መልስ
ሰኞ፣ ጠዋት 4፡58

እሺ፣ ይህኛው ለየት ያለ ጉዳይ ነው። ግን እኔ ያልኩት ለአብዛኛው ሰው ይሠራል። ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ።


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ጠዋት 5፡06

ወንድሜ፣ ሺህ ጊዜ የሠራልህ ሺህ ጊዜ ማመሳሰሉ ሳይቆም ስለቆየልህ ነው። ሳታረጋግጥ ነው ያደረግኸው፤ ዕድለኛ ነህ። «ሌላውንም ዲስክ አጽጂው» ያልከውን መልሰህ አንብበው፤ የጠፋው ሥራ የተገኘው እዚያ ላይ ነው።

ደመናው ላይ አለ የምንለው ድረ ገጹን ከፍተን፣ ቀኑን አይተን፣ አንድ ፋይል አውርደን ከሞከርን በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግምት ነው።


አዲስ ገቢ
ሰኞ፣ ቀትር 6፡12

ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። እኔ ደግሞ ከማሻሻያው በኋላ አንድ ቅንብር አጥፍቼ ዴስክቶፔ ባዶ ሆነ። ተመሳሳይ ነገር ነው?


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ቀትር 6፡20

አይደለም፤ የእርስዎ ቀላል ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ዴስክቶፕንና ሰነዶችን «ልጠብቅልህ» ብለው ወደ ራሳቸው ፎልደር ያስገቧቸዋል። ጥበቃውን ሲያጠፉት ፎልደሩ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ፋይሎቹ ግን እዚያው ይቀራሉ። በአገልግሎቱ ፎልደር ውስጥ «ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ፎልደር ይፈልጉ፤ ከዚያ ቆርጠው ሳይሆን ቀድተው ይመልሱ።


ሰነድ ጠባቂ
ሰኞ፣ ቀትር 6፡50

ብራና፣ አሁን ወደ መጠገኑ። ፕሮግራሙ ተዘግቶ እንዳለ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ በፊት ኢ ላይ ያለውን «ሥራ» እንዳለ ወደ ውጫዊ ዲስክ ቅጂው። ውጫዊ ዲስክ ከሌለሽ የ22ቱን ቀን ሥራ ብቻ ወደ ፍላሽ ቅጂ። ፎልደሩ ውስጥ በተለወጠበት ቀን ደርድሪውና ከላይ ያሉትን ምረጪ። ይህን ሳታደርጊ ቀጣዩን መስመር አታንብቢ።

ቀዳሽው? ዲስኩን ነቅለሽ አስቀምጪ። ተሰክቶ የተተወ ቅጂ ገና ቅጂ አይደለም።

ቀጥሎ በዊንዶውስ የዲስክ አስተዳደር ውስጥ ግቢ። መጀመሪያ የካርድ ማንበቢያውን ፊደል ወደ ሌላ ለውጪ፣ ለምሳሌ ወደ ኬ። ዲ ነጻ ሲሆን የዲስክሽን ፊደል ከኢ ወደ ዲ መልሺ። ፊደል መለወጥ ፋይል አይነካም። ነገር ግን እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ቅረጽ» እና «ክፍሉን ሰርዝ» የሚሉም ስላሉ ዓይንሽን ከመስመሩ አታንሺ። ዴስክቶፕሽ ላይ ያለው «ሥራ» ሲከፈት ይህ ክፍል አልቋል።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። ለእኔ የሚሻለኝ በእጅ መሥራት ነው፦ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ በድረ ገጹ በኩል ማስገባት። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ምን የት እንደገባ ታውቂያለሽ።


አሮጌ ኬብል
ሰኞ፣ ቀትር 7፡15

እኔ በዚህ አልስማማም። ቅጂው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ካለ ማሽኑ ይሥራው። ፕሮግራሙን ክፈቺ፣ ከቅንብሩ ኮምፒውተሩን አላቅቂ፣ እንደገና ግቢና ቦታ ሲጠይቅሽ ዲ ላይ ያለውን እውነተኛውን ፎልደር ምረጪ፤ ማመላከቻውን አይደለም። «ፎልደሩ ፋይሎች አሉት፣ ልጠቀምበት?» ሲልሽ አዎን በይ። ከዚያ ፕሮግራሙ ሁለቱን ያነጻጽራል። አዲስ ፋይሎች ይወጣሉ፤ ሁለቱም ዘንድ ያሉና የሚለያዩት ግን በሁለት ቅጂ ይቀመጣሉ፣ አንደኛው ከስሙ ጎን የኮምፒውተርሽን ስም ይዞ። እነሱን ከፍቶ ማነጻጸር ለአርታኢ ከባድ አይመስለኝም።

የድሮው የዊንዶውስ ፎልደር ሲ ላይ ቦታ ቢይዝም እንዳትጠርጊው። ከ10 ቀን በኋላ ራሱ ይጠፋል፤ እስከዚያ ወደ ቀድሞው እትም መመለስ ቢያስፈልግሽ መውጫሽ እሱ ነው።


ሰማያዊ ምሽት
ሰኞ፣ ማታ 1፡40

ማክ ለሚጠቀም አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛ ዘንድ ነገሩ በሌላ በር ነው የሚመጣው። አፕል በማክኦኤስ 12.3 (መጋቢት 2022 እ.ኤ.አ.) ድሮፕቦክስና ዋንድራይቭ ይጠቀሙባቸው የነበሩትን የከርነል ቅጥያዎች፣ ማለትም ወደ ስርዓቱ እምብርት የሚገቡ ተጨማሪ ፕሮግራሞችን፣ አስወጣ። በምትካቸው የመጣው የአፕል የራሱ አሠራር ነው፤ በእሱ ፎልደሩ የሚቀመጠው በተጠቃሚው ቤተ መጻሕፍት ፎልደር ውስጥ፣ «የደመና ማከማቻ» በሚል ንዑስ ፎልደር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ በተለምዶ የተሰወረ ነው። ስለዚህ ሰው ፎልደሩን በድሮው ቦታ ያጣውና ይደነግጣል።

ፋይል አይጠፋም፤ የሚጠፋው አድራሻ ነው። የመጽሐፍ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው 200 ሥዕል ከሰነዱ ጋር አያይዞ ከነበረ፣ ከዝውውሩ በኋላ ፕሮግራሙ 200ዎቹንም በድሮው አድራሻ እየፈለገ አላገኘሁም ይላል። እኔ አንድ ሙሉ ቀን ሥዕል ሳገናኝ ውያለሁ። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ አንዱን ስታሳየው የቀሩትን ራሱ እንደሚያገኝ ያወቅሁት 140ኛው ላይ ስደርስ ነው። ምን ይባላል።


ፔንግዊን አሳዳጊ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ሊኑክስን የረሳችሁት አይምሰላችሁ። ድሮፕቦክስ በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ከኢኤክስቲ 4 (በሊኑክስ የተለመደው ፋይልን ዲስክ ላይ የማደራጃ ስልት) ውጭ ያሉ የፋይል ስርዓቶችን መደገፍ አቁሞ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ጥቂቶቹን መልሷል። ስርዓታቸውን ሲያሻሽሉ የዲስኩን ቅርጽ የለወጡ ሰዎች መመሳሰሉ የቆመው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ደክመዋል።

እኔ ግን ልነግራችሁ የፈለግሁት በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8፣ ማለትም ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ስልት፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ኢኤክስቲ 4 ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። ሲካፈል 85 ፊደል ይሆናል፤ ክፍተቱና ነጥቡ አንድ አንድ ባይት ናቸው። ዊንዶውስ ግን 255 ፊደል ይፈቅዳል። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ «የመጨረሻው የታረመ ከደራሲው አስተያየት ጋር በድጋሚ የታየ» እያላችሁ የምታስረዝሙት ስም ሊኑክስ ላይ ሲደርስ አይገባም፤ ፋይሉ በዝምታ ወደ ኋላ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ከነፎልደሩ የሚቆጠረው ጠቅላላ አድራሻ በተለምዶ 260 ፊደል ላይ ይገታል። ፎልደሩ ከማሻሻያ በኋላ ወደ ረጅም አድራሻ ሲዛወር ትናንት ይከፈት የነበረው ዛሬ እምቢ የሚለው በዚህ ነው።

አንድ በጎ ነገር አለን፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው፣ በዚህ ብቻ የሚለያዩ ሁለት የፋይል ስሞች አይጋጩብንም። ላቲን ጻፊዎች በዚህ ብዙ ይቸገራሉ።


ብራና
ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። በጋሼ ኬብል መንገድ ሄድኩ፤ ግን ሰነድ ጠባቂ እንዳለኝ ቅጂው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ኬ የሚለውን ፊደል ስሰጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፎልደሩ ዲ ላይ ተመልሷል። በ22 ቀን ውስጥ የነካኋቸው 31 ፋይሎች ናቸው። ከእነሱ 20ው አዲስ ስለነበሩ ያለ ጭቅጭቅ ወጡ። 11ዱ በሁለት በሁለት ተቀመጡ፤ አንደኛው የኮምፒውተሬን ስም ይዞ። አንድ ማታ ሙሉ ጎን ለጎን ከፍቼ አነጻጸርኳቸው፤ በአሥሩ የእኔው አዲሱ ትክክል ነበር። አሥራ አንደኛው ግን አስገረመኝ፤ ምዕራፍ አምስትን በ22ቱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ከስልኬ በድረ ገጹ በኩል አርሜው ኖሯል! ድረ ገጹ ላይ ቀኑን ሳይ ያለፍኩት እሱን ነው። ሁለቱን ቅጂዎች በእጄ አዋሐድኩ።

ሌላም ጥንድ አግኝቼ ነበር፤ ሥዕሎቹ ያሉበት ፎልደር ሁለት ሆኖ። ፕሮግራሙን ልሰድበው ስል አየሁት፤ አንዱ «ሥዕል» ነው፣ ሌላው «ስዕል»። የመጀመሪያው የእኔ ነው፣ ሁለተኛው የሥራ ባልደረባዬ። ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ለሁለት ዓመት ያህል ሥዕል ጎደለ እያልን ስንጨቃጨቅ የኖርነው በአንድ ፊደል ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሰኞ ጠዋት ሲ ላይ የተፈጠረው አዲሱ ፎልደር አሁንም አለ፤ ቦታ ይዟል። ልሰርዘው?


ሰነድ ጠባቂ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

በመጀመሪያ ፕሮግራሙ አሁን የሚያየው ዲን ብቻ መሆኑን ከቅንብሩ አረጋግጪ። ከዚያ በአዲሱ ፎልደር ውስጥ አንድ የማይረባ ፋይል ፍጠሪና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ድረ ገጹ ላይ ካልታየ ፎልደሩ ከደመናው ተለያይቷል፤ ሰርዢው። ከታየ ግን እጅሽን አንሺ፤ እሱን መሰረዝ ደመናውንም ይሰርዛል።


ብራና
ረቡዕ፣ ማታ 2፡58

«ድንች» የሚል ፋይል ፈጠርኩ፤ አምስት ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ድረ ገጹ ላይ ድንች የለም። ሰረዝኩት። የሲ መስመር ወደ ሰማያዊ ተመልሷል። የማመሳሰያውንም ምልክት ከቀስቱ ጀርባ አውጥቼ ከሰዓቱ አጠገብ አስቀመጥኩት።

ጋሼ ኬብል፣ ሰነድ ጠባቂ፣ እድሜ ይስጥልኝ። ቶሎ መልስ፣ አንተንም አልቀየምኩህም።


ብራና
ዓርብ፣ ቀን 9፡10

መጽሐፉን አስረክቤያለሁ። ደራሲው አሁን ደወለ፤ ከምዕራፍ ዘጠኝ ሦስት «በመሆኑም» አንዱ ይመለስለት ብሏል።